የጠፈር ጭነት መርከብ ስንት ሜትር ይሆናል? በከዋክብት መሃል የሚደረግ ንግድ በቀላል አማርኛ

ሳይንስ ፊክሽን የሚያይ ወይ ጌም የሚጫወት ሰው ይሄን ምስል በደንብ ያውቀዋል፣ ብዙ ኪሎሜትር የሚረዝም መርከብ ማዕድንና እህል ሞልቶ ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው ይጓዛል፣ ወደብ ሲደርስ ክሬኖች ያራግፉታል፣ ነጋዴው ትርፉን ይዞ ይመለሳል። ደስ ይላል። ግን ቆም ብሎ ላሰበው ሰው ጥያቄው ይበዛል፣ ማዕድን እኮ እዛም አለ፣ ለምን ከዚ ይጫናል? መርከቡስ ለምን 5 ኪሎሜትር ሆነ፣ ለምን 200 ሜትር አልሆነም? ማነው የወሰነው?

የጠፈር ታሪክ መጻፍ ለሚያስብ ሰው ይሄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም፣ ታሪኩ ውስጥ ማን ሀብታም እንደሚሆን፣ ማን እንደሚራብ፣ ጦርነት በምን እንደሚነሳ ሁሉ የሚወጣው ከዚ ነው። እኔ የማምነው እንዲ ነው፦ የመርከብን መጠን የሚወስነው የሚያልፍበት መንገድ ነው፣ ምን እንደሚጫን የሚወስነው ደግሞ ርቀቱ። መርከብ ሰሪውና ነጋዴው ከዛ በኋላ ነው የሚመጡት። ለምን እንደዛ እንደሆነ ከታች በቁጥር እናየዋለን፣ ፊዚክስ ያልተማረ ሰውም ሊከተለው ይችላል።

መጀመሪያ ርቀቱ ምን ያህል ነው?

የብርሃን ዓመት የሚባለው ስሙ ጊዜ ይመስላል እንጂ ርቀት ነው፣ ብርሃን በሰከንድ ወደ 300 ሺህ ኪሎሜትር እየተጓዘ በአንድ ዓመት የሚሸፍነው ርቀት፣ ወደ 9.46 ትሪሊዮን ኪሎሜትር። ከፀሐይ ቀጥሎ ለኛ የሚቀርበው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ነው፣ 4.24 የብርሃን ዓመት ይርቃል። የቅርብ ጎረቤታችን የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው።

እስካሁን ሰው የላከው ነገርስ ምን ያህል ይፈጥናል? ቮዬጀር 1 የሚባለው የናሳ መንኮራኩር በ1977 ተላከ (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)፣ አሁን በሰከንድ ወደ 17 ኪሎሜትር ይሄዳል፣ በዚ ፍጥነት እስከ ፕሮክሲማ ያለውን ርቀት ለመጨረስ ወደ 75 ሺህ ዓመት ይፈልጋል። ፓርከር የምትባለው የናሳ መንኮራኩር በዲሴምበር 2024 ፀሐይ አጠገብ ስታልፍ በሰከንድ ወደ 192 ኪሎሜትር ደርሳለች፣ ሰው ከሰራቸው መንኮራኩሮች ሁሉ ፈጣኗ እሷ ናት፣ ያም ሆኖ በዛ ፍጥነት ሳትቀንስ ብትሄድ እንኳን ከ6 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅባታል።

ስለዚ እዚሁ በፀሐይ ዙሪያ ባሉ ፕላኔቶች መሃል የሚደረግ ንግድና ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚደረግ ንግድ ጨርሶ አይገናኙም። ከመሬት ወደ ማርስ ነዳጅ በሚቆጥበው መንገድ ከተሄደ ከ8 እስከ 9 ወር ቢፈጅ ነው፣ መንገዱ የሚመቸው ግን በየ26 ወሩ አንዴ ነው። ለድሮ ነጋዴ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፣ በህንድ ውቅያኖስና በቀይ ባህር ይነግዱ የነበሩ መርከበኞች፣ አዱሊስ ወደብ ይመጡ የነበሩትም ጭምር፣ ንፋሱ እስኪዞር ይጠብቁ ነበር፣ ንፋሱ ሲመቻቸው አብረው ይነሳሉ። ማርስ ላይ ገበያ ቢኖርም እንደዛው ነው የሚሆነው፣ ዕቃ በ26 ወር አንዴ በጅምላ ይገባል፣ ጊዜው ያመለጠው ነጋዴ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፣ ስለዚ ሁሉም በአንዴ ብዙ ለመጫን ይሞክራል። ይሄ ሊሆን የሚችል ንግድ ነው። ወደ ሌላ ኮከብ ሲሆን ነው ሂሳቡ የሚከብደው።

አንድ ኪሎ ዕቃ ለመላክ ምን ያህል ኢነርጂ ይፈልጋል?

መርከባችን በብርሃን ፍጥነት 10 በመቶ ይሄዳል እንበል፣ በሰከንድ 30 ሺህ ኪሎሜትር። በዚ ፍጥነት ፕሮክሲማ ለመድረስ 42 ዓመት ከምናምን ይፈጃል። አንድ ኪሎ ነገር እዛ ፍጥነት ላይ ለማድረስ የሚያስፈልገው ኢነርጂ 125 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ነው። ቁጥሩ ለብቻው ብዙም አይነግረንም፣ ስለዚ በምናውቀው ነገር እንለካው። በኛ አቆጣጠር ጳጉሜ 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ሙሉ አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው፣ ሁሉም ተርባይን በሙሉ አቅሙ ቢዞር፣ መንገድ ላይ ምንም ኃይል ባይባክን፣ አንድ ኪሎ ለማፍጠን አንድ ቀን ከሌሊቱ ይፈጅበታል። አንድ ኪሎ ብቻ ነው ያልኩት። አንድ ኪሎ ቡና ለመላክ የግድቡ የ24 ሰዓት ምርት ይሄዳል፣ እዛ ሲደርስ ማቆምም ስላለ ሌላ ያን ያህል ኃይል ደግሞ ለፍሬን ይፈለጋል።

ቶን ሲሆን አንድ ሺህ ቀን ነው፣ 20 ቶን የተጫነ አንድ ኮንቴነር ሲሆን 55 ዓመት። ዛሬ ባህር ላይ ካሉት ኮንቴነር ጫኞች ትልልቆቹ ወደ 240 ሺህ ቶን ይሸከማሉ፣ ያንን ጭነት እዛ ፍጥነት ላይ ለማድረስ ግድቡ ከ650 ሺህ ዓመት በላይ መስራት አለበት፣ እሱም የመርከቡ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር።

ወርቅስ ቢሆን? በ2025 መጨረሻ አንድ ኪሎ ወርቅ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ኤሌክትሪኩን በኪሎዋት ሰዓት በ5 የአሜሪካ ሳንቲም ብታገኙት እንኳን የማፍጠኛው ሂሳብ ብቻ ከ6 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል። ስለዚ ፊልም ላይ የምናየው ማዕድን ጭኖ ከኮከብ ኮከብ የሚዞር መርከብ፣ ማዕድኑ ንጹህ ወርቅ ቢሆንም ይከስራል።

ነዳጁን ራሱ ማን ይሸከመዋል?

ሌላው ችግር ይሄ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ አንድም ማደያ በሌለበት መንገድ በጣም ሩቅ አገር በመኪና መሄድ ቢኖርባችሁ ነዳጁን በበርሜል ጭናችሁ ነው የምትወጡት፣ በርሜሉ መኪናውን ያከብደዋል፣ ስለከበደ ብዙ ነዳጅ ይጠጣል፣ ስለዚ ሌላ በርሜል ትጨምራላችሁ፣ እሱ ደግሞ ሌላ ይጠይቃል፣ መጨረሻ ላይ መኪናው ዕቃ መጫኑ ቀርቶ ነዳጅ ተሸካሚ ብቻ ይሆናል። ሮኬት ላይ የሚሆነው በትክክል ይሄ ነው፣ ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በ1903 በቀመር አድርጎ ያሳተመው ነገር ነው፣ እስከዛሬ ማንም ሮኬት የሚሰራ ሰው ከሱ አላመለጠም።

በወረቀት ላይ በደንብ ከተሰሉት የኮከብ መርከቦች አንዱ ዴዳሉስ ይባላል፣ የብሪታንያ የፕላኔቶች ጉዞ ማህበር አባላት ከ1973 እስከ 1978 የሰሩት ጥናት ነው። በፊዩዥን ማለትም ፀሐይ ውስጥ በሚካሄደው አይነት የአተሞች ውህደት የሚነዳ ሆኖ እስከ 12 በመቶ የብርሃን ፍጥነት ይደርሳል፣ ባርናርድ የሚባለውን ኮከብ በ50 ዓመት አካባቢ ያገኘዋል። ጠቅላላ ክብደቱ 54 ሺህ ቶን ነው፣ ከዛ ውስጥ 50 ሺህ ቶኑ ነዳጅ። ጭነቱ ወደ 450 ቶን ብቻ፣ መቶኛው እንኳን አይሞላም። ነዳጁን ለማግኘት ደግሞ የጁፒተርን ከባቢ አየር እናጣራለን ብለው ነው ያቀዱት። እሱም ሆኖ ፍሬን የለውም፣ ኮከቡን አልፎ ይሄዳል፣ ቆሞ ማራገፍ የሚባል ነገር እቅዱ ውስጥ አልነበረም። ለነጋዴ እንግዲህ ይሄ ምን እንደሚያደርግለት አስቡት።

ሞተሩን እቤት ትቶ በሌዘር መግፋት የሚል ሃሳብም አለ፣ በ2016 ይፋ የሆነው ብሬክስሩ ስታርሾት በብርሃን ፍጥነት 20 በመቶ የሚሄዱ መንኮራኩሮችን ነው ያሰበው። እያንዳንዱ የሚመዝነው ግን በግራም ነው።

ኢነርጂው ነጻ ቢሆንስ? ወለድ የሚባል ነገር አለ

እሺ፣ ወደፊት ኢነርጂ በጣም ይረክሳል እንበል፣ ሳይንስ ፊክሽን ስለሆነ ይፈቀዳል። ጊዜው ግን አይረክስም። 1,000 ብር አውጥታችሁ ዕቃ ገዝታችሁ ወደ ፕሮክሲማ ላካችሁ፣ ዕቃው የሚደርሰው ከ42 ዓመት በኋላ ነው። ያንን 1,000 ብር ባንክ አስቀምጣችሁት በ5 በመቶ ወለድ ቢወልድ ኖሮ ወለዱ እየወለደ ወደ 7,900 ብር ይደርስ ነበር። ስለዚ ዕቃው እዛ ከ8 እጥፍ በታች ከተሸጠ ባንኩ ይሻላችሁ ነበር ማለት ነው። ታው ሴቲ የሚባለው ኮከብ 11.9 የብርሃን ዓመት ይርቃል፣ እዛ ለመላክ 119 ዓመት ነው፣ ያቺው 1,000 ብር ከ330 ሺህ ብር በላይ ሆና ትጠብቃለች። ዋጋውን ይዞ የሚመለሰው መርከብ ደግሞ ሌላ ያን ያህል ይቆያል፣ ያተረፈው ማን እንደሆነ የሚያዩት የልጅ ልጆቻችሁ ናቸው።

ይሄን ነገር በቁም ነገር ያሰላ ኢኮኖሚስት አለ። ፖል ክሩግማን በ2008 የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ከማግኘቱ 30 ዓመት በፊት፣ በ1978፣ የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ወጣት መምህር እያለ ስለ ከዋክብት ንግድ አጭር ጥናት ጽፎ ነበር፣ ጆርናል ላይ የወጣው በ2010 ነው። ያነሳው ጥያቄ ጥሩ ነው። አይንስታይን እንዳሳየን ወደ ብርሃን ፍጥነት የሚጠጋ መርከብ ውስጥ ሰዓት ይዘገያል፣ ለምሳሌ በ90 በመቶ የብርሃን ፍጥነት ወደ ፕሮክሲማ የሚሄድ መርከብ በመሬት ሰዓት 4.7 ዓመት ሲፈጅ ውስጡ ላሉት ሰዎች ግን ሁለት ዓመት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ታዲያ ወለዱ የሚታሰበው በየትኛው ሰዓት ነው፣ በመርከቡ ወይስ በመሬቱ? መልሱ በመሬቱ ነው፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ኖሮ የሚወልደው ፕላኔቱ ላይ ነበር፣ ባንኩ ከመርከቡ ጋር አልተሳፈረም። ሁለተኛው ያረጋገጠው ነገር ደግሞ ፕላኔቶቹ ገንዘባቸውን በነጻነት መነገድ ከቻሉ የዕቃ ዋጋቸው ቢለያይም የወለድ መጠናቸው እኩል ወደ መሆን ይሄዳል የሚል ነው።

ይሄ ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ነገር ነው። መርከበኛው ሁለት ዓመት ሰርቶ ሲወርድ የአምስት ዓመት ወለድ የተጫነበት ዕዳ ይጠብቀዋል፣ ወይ ደግሞ የአምስት ዓመት ቁጠባ ያገኛል። ከቤተሰቡ ጋር ያለውን የዕድሜ ልዩነት ስትጨምሩበት የገጸ ባህሪ ታሪክ ይሆናል።

ታዲያ ምኑ ነው የሚነገደው?

ከጥንት ጀምሮ ሩቅ አገር የሚነገደው ክብደቱ ትንሽ ዋጋው ትልቅ የሆነ ነገር ነው፣ ቅመም፣ ሐር፣ ዕጣን፣ የዝሆን ጥርስ። ከ1565 እስከ 1815 በፊሊፒንሷ ማኒላና በሜክሲኮዋ አካፑልኮ መሃል ፓሲፊክን ያቋርጡ የነበሩት የስፔን መርከቦች ወደ ማኒላ ብር (ማዕድኑን) ወደ አካፑልኮ ሐር ነበር የሚጭኑት። እኛ አገር አሞሌ ጨው ነበር፣ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ይወጣል፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል፣ ለዛም ነው እንደ ገንዘብ ያገለገለው። ነጋዴው የሚኖረው በዛ የዋጋ ልዩነት ነው፣ ልዩነቱ ከመንገዱ ወጪ ካልበለጠ ንግድ የለም።

በከዋክብት መሃል የመንገዱ ወጪ ከላይ እንዳየነው ከወርቅ በላይ ስለሆነ የሚያዋጣው ክብደት የሌለው ነገር ነው፣ ማለትም ዳታ። ሬዲዮና ሌዘር በብርሃን ፍጥነት ይሄዳሉ፣ 42 ዓመቱ ወደ 4.24 ይወርዳል፣ የግድብ ኃይል ሁሉ አይጠይቅም። የመድሃኒት ቀመር፣ የማሽን ዲዛይን፣ የዘር ቅደም ተከተል፣ ሙዚቃ፣ የሂሳብ ማረጋገጫ፣ ይሄ ሁሉ ይላካል፣ ተቀባዩ እዛው ባለው ቁስ ይሰራዋል። የቡናው ዘረመል ከተላከና እዛ ያለው ላቦራቶሪ ከፊደሉ ተነስቶ ዘሩን መገንባት ከቻለ ማንም ጆንያ አይጭንም።

ግን ዳታም ቢሆን የራሱ ጠባብ በር አለው። ኒው ሆራይዘንስ የምትባለው የናሳ መንኮራኩር ፕሉቶን በጁላይ 2015 ካለፈች በኋላ የሰበሰበችውን ዳታ ወደ መሬት ልካ የጨረሰችው በኦክቶበር 2016 ነው፣ በሰከንድ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎቢት አካባቢ እየላከች፣ ፕሉቶ ደግሞ በብርሃን 4 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የሚርቀው። በጣም ሩቅ ሲሆን ሲግናሉ ስለሚሳሳ ወይ ትልቅ አንቴና ወይ ብዙ ኃይል ወይ ብዙ ትዕግስት ይጠይቃል። ክፍያውስ? ዕቃው ከተላከ በኋላ ገዢው አልከፍልም ቢል ክሱ ለመድረስ 4 ዓመት፣ መልሱ ለመመለስ ሌላ 4 ዓመት። እዚ ጋ ነው እምነት የሚባለው ነገር ራሱ ሸቀጥ የሚሆነው፣ በኔ ግምት ትልልቆቹ የከዋክብት ነጋዴዎች መርከብ ያላቸው ሳይሆኑ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሰው የሚያምናቸው ዋሶች ይሆናሉ።

በአካል መሄድ የሚኖርበት ነገር ምን ይቀራል ካላችሁ፣ ኮፒ የማይደረግ ነገር ነው፣ ሰው ራሱ፣ ኦሪጅናልነቱ የሚፈለግ ቅርስ፣ መጀመሪያውን ፋብሪካ የሚያስነሳ ማሽን። ከዛ በኋላ መርከብ ብዙም አያስፈልግም።

ባህር ላይ የመርከብን መጠን ምን ወሰነው?

ወደ መጠኑ እንምጣ፣ እዚ ላይ ከምድር የምንማረው ብዙ ነው። ድሮ የነበረው የፓናማ ቦይ መቆለፊያ ገንዳ (መርከቡ ገብቶ ከፊትና ከኋላ በር ተዘግቶበት በውሃ ከፍ ዝቅ የሚደረግበት) ከ294 ሜትር ርዝመትና ከ32 ሜትር ብዙም ያላለፈ ስፋት ያለውን መርከብ ብቻ ነበር የሚያሳልፈው፣ ስለዚ በዓለም ዙሪያ ብዙ መርከብ በዛ ልክ ተሰራ፣ ፓናማክስ ተብሎ ስምም ወጣለት። በጁን 2016 366 በ49 ሜትር መርከብ የሚያሳልፉ አዲስ ገንዳዎች ሲከፈቱ አዲሶቹ መርከቦችም አብረው አደጉ። የሱዌዝ ቦይ ግን መቆለፊያ ገንዳ የለውም፣ ውሃ የሞላ ረጅም ጉድጓድ ነው፣ እዛ የሚገድበው ከርዝመት ይልቅ ስፋትና ውሃ ውስጥ የሚገባው ጥልቀት ነው። ሲዋይዝ ጃያንት የምትባለው 458 ሜትር ነዳጅ ጫኝ መርከብ ሁለቱንም ቦዮች ማለፍ አትችልም ነበር፣ በጣም ትልቅ መሆኗ መንገዷን አጠበበባት፣ መጨረሻዋም ህንድ ውስጥ ተቆራርጣ ለብረት ሆነች።

መርከብ ለምን ትልቅ እንዲሆን ይፈለጋል ታዲያ? ሂሳቡ ቀላል ነው፣ አንድን መርከብ በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ብታደርጉት የሚይዘው ጭነት 8 እጥፍ ሲሆን ገላውን የሚሸፍነው ብረት ግን 4 እጥፍ ነው። መርከበኛው ደግሞ አይጨምርም ማለት ይቻላል፣ ከ24 ሺህ በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር የሚጭን 400 ሜትር መርከብ ከ20 እስከ 30 በሚሆን ሰው ይነዳል።

ትልቅነቱን የሚያቆመው አንዱ ቦዩ ነው ብለናል፣ ሌላው ወደቡ ነው። ማልኮም ማክሊን በኤፕሪል 1956 አይዲያል ኤክስ በምትባል መርከብ 58 ኮንቴነር ከኒውአርክ ወደ ሂውስተን ሲልክ ትልቁ ለውጥ የመጣው መርከቧ ላይ አልነበረም፣ ማራገፊያው ላይ ነው፣ በሰው ጉልበት አንድ ቶን መጫን 5.86 ዶላር ያስወጣ የነበረው ወደ 16 ሳንቲም ወረደ። ወደብ ቆሞ የሚውል መርከብ ገንዘብ አያመጣም። ለዚ ነው ረጅም መንገድ ላይ ትልቅ መርከብ፣ አጭር መንገድ ላይ ትንሽ መርከብ የሚያዋጣው፣ ከእስያ አውሮፓ ለሚሄድ ግዙፍ መርከብ ወደብ ላይ ጥቂት ቀን መቆም ከጉዞው አንጻር ትንሽ ናት፣ ሁለት ቀን ለሚጓዝ ግን ሞት ነው።

ጠፈር ላይስ?

ጠፈር ላይ አሁንም ቢሆን በሩ ነው የሚወስነው። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ መስታወት 6.5 ሜትር ነው፣ የወሰደው አሪያን 5 ሮኬት አናቱ ላይ ያለው ሽፋን 5.4 ሜትር፣ ስለዚ በ2021 የተላከው ታጥፎ ነው። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ብዙዎቹ ክፍሎች ወደ 4.5 ሜትር ስፋት ያላቸው ያደረሳቸው ሹትል የሚባለው የናሳ መንኮራኩር ጭነት ክፍል 4.6 ሜትር ስለነበረ ነው። ጣቢያው ራሱ 109 ሜትር ይረዝማል፣ ብዙው ቁርጥራጩ ግን በዛች በር ያለፈ ነው።

መርከቡ እዛው ጠፈር ላይ ከተሰራና መሬት ካልወረደ ይሄ ገደብ ይነሳል፣ ሌላ ገደብ ይመጣል። ባህር የለም፣ ስለዚ ጥልቀት የሚባል ነገር የለም፣ ቦታ መያዝም ችግር አይደለም፣ ችግሩ ክብደት ነው፣ ከላይ ያየነው የግድብ ሂሳብ። ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ አቧራ ጠላት ይሆናል፣ አንድ ሚሊግራም የምታክል ብናኝ በ10 በመቶ የብርሃን ፍጥነት ብትመታችሁ ከ100 ኪሎ ቲኤንቲ (ፈንጂ) በላይ ፍንዳታ ናት። ስለዚ የፊት ገጹ ትንሽ የሆነ መርከብ ይሻላል፣ ቀጭንና ረጅም፣ ፊቱ ላይ ወፍራም ጋሻ ያለው። ፊልም ላይ የምናያቸው ሰፋፊ ክንፍ ያላቸው መርከቦች ለዚ መንገድ አይሆኑም።

ከብርሃን የሚፈጥን መንገድ ካለስ? በሩን ቀድሞ መወሰን

አብዛኛው ታሪክ ይሄን ሁሉ ችግር የሚያልፈው ከብርሃን የሚፈጥን መንገድ በመፍጠር ነው፣ ወይ በር አለ በሱ ዘው ይባላል፣ ወይ መርከቡ ራሱ የሚዘል ሞተር አለው። ፊዚክሱ አይታወቅም፣ ግን ኢኮኖሚክሱን ከምድር መውሰድ እንችላለን፣ በኔ እምነት ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉትም እዚ ጋ ነው።

በሩ እንደ ሱዌዝ ነው ወይስ እንደ ፓናማ? ክፍት ቀለበት ከሆነ የሚገድበው ስፋትን ብቻ ነው፣ ርዝመት ነጻ ነው፣ ስለዚ መርከቡ እንደ ባቡር ይሆናል፣ ስፋቱ በበሩ ልክ፣ ርዝመቱ ገበያው በፈቀደው ልክ። በሩ ተዘግቶ የሚያሻግር ሳጥን ከሆነ ግን ርዝመቱም ይገደባል፣ ሁሉም መርከብ አንድ አይነት ድንክ ቅርጽ ይይዛል። በሩ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ፍጥነት ዋጋ ይኖረዋል። የሚዘለው ሞተር የሚያስከፍለው በክብደት ከሆነ ላባና ጥጥ ይጫናል፣ በቦታ ስፋት ከሆነ እርሳስና ወርቅ ይጫናል። አንዷን ነገር ስትቀይሩ ገበያው ሁሉ ይቀየራል።

እስኪ እናስላው። 50 ሜትር በ50 ሜትር መርከብ የሚያሳልፍ ክፍት ቀለበት አለን እንበል። ለመዋቅሩና ለመተላለፊያው ቦታ ትተን በአንድ ረድፍ ወደ 300 ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር ፊት ለፊት ይደረደራል፣ ረድፉ 12 ሜትር ከምናምን ይወፍራል፣ 40 ረድፍ ብናደርግ 24 ሺህ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ማለት ነው፣ ርዝመቱ ወደ ግማሽ ኪሎሜትር። ዛሬ የዓለማችን ትልቁ ኮንቴነር ጫኝ የሚሸከመው ጭነት በዚ ይገባል። ያንኑ ቅርጽ 5 ኪሎሜትር ብታደርጉት፣ ስፋቱም በሩም አብሮ 10 እጥፍ ሲያድግ፣ ጭነቱ ሺህ እጥፍ ይሆናል፣ 24 ሚሊዮን ኮንቴነር። ሲንጋፖር ወደብ በ2024 ዓመቱን ሙሉ ያስተናገደው 41 ሚሊዮን አካባቢ ነው። አንድ መርከብ መጥታ ከዛ ግማሽ በላይ በአንድ ጊዜ ልታራግፍ ነው ማለት ነው፣ ማን ያራግፋል፣ የት ይቀመጣል፣ ማንስ ይገዛዋል፣ ያን ያህል ዕቃ በአንዴ ሲገባ ዋጋው ይወድቃል እኮ። ስለዚ 5 ኪሎሜትር መርከብ የሚያስፈልገው በቢሊዮን የሚቆጠር ሰው ያለባቸው ዓለማትና ከመርከቡ በላይ የገዘፉ ወደቦች ሲኖሩ ነው። ጥቂት ሺህ ሰው የሰፈረባት ፕላኔት የምትጎበኛት ትንሽ መርከብ ናት፣ ትልልቆቹ ዋና ወደብ ላይ ይቆማሉ፣ ትንንሾቹ ከዛ እየተቀበሉ ያከፋፍላሉ፣ ባህር ላይም እንደዚሁ ነው የሚሰራው።

ጉዞው በበሩ ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ደግሞ የማራገፊያ ጊዜ ሁሉን ነገር ይበልጣል፣ መርከቡ ተነጣይ ይሆናል፣ ሞተሩ ጭነቱን ጥሎ ሌላ ጭነት ነጥቆ ይሄዳል፣ ተሳቢ እንደሚቀይር ከባድ መኪና።

በሩ የማን ነው?

በማርች 2021 ኤቨር ጊቭን የምትባለው ኮንቴነር ጫኝ ሱዌዝ ላይ ተጋድማ 6 ቀን ስትዘጋው በመቶ የሚቆጠር መርከብ ወረፋ ቆመ። ግብፅ ከቦዩ በ2022/23 የበጀት ዓመት 9.4 ቢሊዮን ዶላር አስገብታ ነበር፣ ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ቀይ ባህር ላይ በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲበዛ ብዙዎቹ አፍሪካን በደቡብ መዞር ጀመሩ፣ መንገዱ ከ10 ቀን በላይ ረዘመ፣ የቦዩም ገቢ አሽቆለቆለ። በር ያለው ይበላል፣ በር አጠገብ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ በጣም ሩቅ ያለው ሰው ዋጋ ይከፍላል።

የጠፈር ታሪክን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እዚ ላይ ሩቅ መሄድ የለበትም። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የ1998ቱ ጦርነት ወዲህ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፣ ኮንቴነሩ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ ድረስ የወደብ ኪራይ፣ የመጋዘን፣ የትራንዚት፣ የመኪና ሂሳብ ይቆጠራል። የራሷ በር የሌላትን ፕላኔት ስትፈጥሩ ይሄን ሂሳብ ቁጭ አድርጉት፣ ማዳበሪያዋ በጎረቤት ኮከብ በር ነው የሚገባው፣ የዝናቡ ወቅት ከመድረሱ በፊት መግባት አለበት፣ በሩ ላይ ደግሞ ወረፋ አለ፣ የበሩ ባለቤት በዚ ዓመት ታሪፍ ጨምሯል። መርከቧ ስንት ሜትር እንደሆነች፣ ካፒቴኗ ማንን እንደምትለምን፣ ገበሬው በስንት እንደሚገዛ፣ ሁሉም ከዚች ወረፋ ይወጣል።